ወደ ውስጥ የሚባል አዎ

ሱር በገባሁ ማግስት፣ ገና ሻንጣዬ ሳይፈታ፣
«ደህና ነሽ?» አለችኝ ማማ ሸምሳ ከተቀመጠችበት ቦታ።
እኔም እንዳገሬ ወግ፣ ከአፌ ቃል ሳይወጣ፣
«ህእ» አልኳት በትንፋሽ፣ አየሩ ወደ ውስጥ ሲመጣ።
እሷ ግን ክው አለች፤ በከዘራዋ ግድግዳ መታች፣
«የዚች ደረቷ አልቋል! መልሷት!» ብላ ልጆቿን ጠራች።

ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ ፎቶውን መብራት ላይ ለጥፎ
የጎድን አጥንቴን ቆጠረ፣ አገጩን በጣቱ ደግፎ፤
«አዎ» ያልኩባት ቦታ ግን አልታየችውም እዚያ ውስጥ፣
ሳንባዬ ንጹሕ ነው ተባልኩ፣ አንዳች የለበት ለውጥ።

በፓስፖርቴ ሃውለት ነኝ፤ እናቴ ያወጣችልኝ እንጉዳይ፤
«ያ ቢንት» ሲሉኝ ተዘጋ የሁለቱም ስም ጉዳይ።

ሻይ ላምጣልሽ?
(አንቱ የለም በቋንቋቸው።) አገጯን ወደ ላይ ሰቅላ
«ጭ!» ትላለች በምላሷ፤ ቃል የለም ከዚያ ሌላ።
እኔ የማውቀው «ጭ» ደግሞ ለቅሶ ቤት ነው፣ ለታመመ፣
ልጁ ለሞተበት ጎረቤት፣ መንገድ ላይ ለደከመ።
ከንፈር መጠጠችልኝ! አልኩ፤ አዘነችልኝ በቃ፣
ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሳልነግራት አውቃ።
ሩዝ ልጨምር? ጭ። መስኮት ልዝጋ? ጭ። ልተኛ? ጭ፣ አሁንም፤
እንዲህ ያለ አዛኝ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም!
ወር ሙሉ በዚያች ድምፅ ኖርኩ። አልጋዬ ላይ ስወድቅ ማታ
እቆጥራት ነበር እንደ ደመወዝ፣ አንድ ባንድ፣ ፈታ ፈታ።

ኋላ ነው ሹፌሩ ቢጁ፣ ሳምቡክ መሥሪያው ጋ ዓሣ ስንገዛ፣
«እሱ እኮ አይ ማለት ነው» ያለኝ፣ ሳቁ አፉ ላይ እየበዛ።

አይ?

ለካ ሠላሳ ቀን በ«አይ» ነበር ነፍሴን ያጽናናኋት።
ምን ይደረግ? በተሳሳተ ደረሰኝ ሴትዮዋን ወደድኳት፤
የተከፈለ ፍቅር ደግሞ ተመላሽ የለውም።

ከዚያ የልጇ የረያ ቀለበት ጠፋ ዐርብ ቀን፤
ታላቅ ፊት እንዳደግኩት ቆምኩ፣ መሬት ጥዬ ዓይኔን።
«ዓይኗን ሰበረች! እሷ ናት!»
ቀና ብዬ አየኋት።
«ድፍረቷን አያችሁ? ታፈጥብኛለች! አሁንስ በርግጥ እሷ ናት!»
ዓይን የሚቀመጥበት ፈለግኩ፣ መሬትም ፊትም ያልሆነ፣
ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ብቻ ለዓይኔ ማረፊያ ሆነ።
ማማ ሸምሳ ዝም። የጥንዚዛ ክንፍ የመሰለው ጭምብሏ
ያብለጨልጫል። ፈረደችብኝ? ፈረደችልኝ? ማን ያውቃል ከኋላ?

ቅዳሜ ተገኘ ቀለበቱ፣ ከልብስ ማጠቢያው ማጣሪያ፣
ከክርና ከፀጉር ጋር። አንድ ቃል አልወጣም ለመታረቂያ።
ማታ ግን ትራሴ ላይ አንዲት ጠርሙስ ሽቶ አገኘሁ፤
ይቅርታ ናት? ወይስ ትሸቻለሽ መባል? ብብቴን አሽትቼ አየሁ።
እስካሁን አልከፈትኳትም። ከነካርቶኗ ተቀምጣለች፣
ሁለት ትርጉም ታቅፋ፣ እኔን ትጠብቃለች።

ባለፈው፣ ባሕሩ ሸሽቶ
ጀልባው ሁሉ ጭቃ ላይ በጎኑ ተኝቶ፣
«እግርሽን ልሽልሽ?» አልኳት።
አገጯን አልሰቀለችም። «ጭ» የለም።
አየሩን ሳብ አደረገችው፣ አጠር አድርጋ፣ ወደ ውስጥ፦
«ህእ።»

ረያ ጮኸች፦ «እናቴ ትንፋሽ አጣች!» ቢጁ መኪና አስነሣ፣
አንዱ ውሃ፣ አንዱ ስልክ፣ አንዱ መስኮት ሊከፍት ተነሣ፤
በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል እኔና እሷ ተያየን።
ከጭምብሉ ሥር ጉንጯ ከፍ ሲል ጨርቁ አብሮ ከፍ አለ፣
ዓይኗ ጠበበ፣ ጥግ ጥጉ ላይ እርጥበት አዘለ።

ሳቀች ብያለሁ።
ስቼም ከሆነ ግድ የለም፣ ከፊተኛው ስሕተቴ ጎን አኖረዋለሁ።